ሐረጎ ሳንደርስ ክራሩ ጠፋ፦ ሚክሳችሁን በምን በምን ትፈትሻላችሁ?

ጦሳ_ሥር · እሑድ ማታ 3፡40

ሰላም ለዚህ ቤት። ደሴ ነኝ። መኝታ ቤቴን ስቱዲዮ ካደረግኩ ሁለት ዓመት አለፈ። ሰሞኑን አንድ በአምባሰል የተሠራ ዘፈን ሚክስ ሳደርግ፣ ማለትም መሣሪያዎቹንና ድምፁን ሳመጣጥን፣ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ክራር፣ ከበሮ፣ ቤዝ ጊታር፣ ትንሽ ኪቦርድ፣ አንዲት ድምፃዊት። ሌሊት በሄድፎን ስሰማው፣ ምን ልዋሻችሁ፣ በራሴ ሥራ እንባዬ መጣ።

ትናንት ኮምቦልቻ ጉዳይ ነበረኝና ሚኒባስ ጋቢና ገባሁ። ሾፌሩ የሰፈራችን ልጅ ስለሆነ ፍላሹን ሰጠሁት። ሐረጎን መውረድ ሳንጀምር ክራሩ የለም። አነሰ አላልኩም፣ የለም! ቤዙ ደግሞ አንዳንድ ኖታ ላይ በሩን ያንቀጠቅጠዋል፣ ሌላው ላይ ልስልስ ይላል። ሾፌሩ ዝም ብሎ ሲሰማ ቆየና «አሪፍ ነው፤ ግን ዘፈኑ ገና አልገባም እንዴ?» አለኝ። ከኋላ አንዲት እናት «ኧረ ልጄ ቀንሰው፣ ሆዴን አመመኝ» አሉ።

ኮምቦልቻ ደርሼ በእህቴ ስልክ ከፈትኩት። እዚያ ደግሞ የጠፋው ከበሮው ነው። ቤዙም አብሮ። ድምፃዊቷ ብቻዋን ሜዳ ላይ ቆማለች፣ ክራሩ ከጉድጓድ እንደሚጣራ ሰው ነው።

እናንተ ስንት ቦታ ትፈትሻላችሁ? ከየት ትጀምራላችሁ? የቱን ልመን?

---

ባና_ለባሽ · እሑድ ማታ 3፡52

ሾፌሩን ማስተሪንግ ኢንጂነር አድርገህ ቅጠረው ወንድሜ። ሃሃሃ።

---

ሞንታርቦ_ተሸካሚ · እሑድ ማታ 4፡15

ኮምቦልቻ ነኝ፤ ሥራዬ ሰርግ ነው፣ ድንኳን ውስጥ ሳውንድ እዘረጋለሁ። የክራሩን ነገር በየሳምንቱ አየዋለሁ። አንድ ጥያቄ ልጠይቅህ፤ ክራሩን በአንድ በኩል ብቻ ነው ያስቀመጥከው?

የምጠይቅህ በምክንያት ነው። ድንኳን ውስጥ ስቴሪዮ የሚባል ነገር የለም። ከላፕቶፑ የሚወጣው ገመድ ብዙ ጊዜ አንዱ ጫፉ የሞተ ነው፣ ወይ ደግሞ ልጆቹ ግራውን ብቻ ሚክሰሩ ላይ ይሰኩና ቀኙ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ሁለቱም ሞንታርቦ የሚያወጣው ያንኑ ግራውን ነው። እንዲያውም አንዴ ሙሽሮቹ ሊገቡ ሲሉ በመረጡት ዘፈን መግቢያ ላይ ያለው ማሲንቆ ሙሉ በሙሉ ቀኝ ላይ ነበር። ሙሽሪት በር ላይ ቆማ እኛ አንድ ደቂቃ ሙሉ ጭብጨባ ብቻ አሰማን። የተረገምኩት እኔ ነኝ፣ ሚክስ ያደረገው አይደለም።

---

ጦሳ_ሥር · እሑድ ማታ 4፡22

በሁለቱም በኩል አለ። አንድ ቪዲዮ ላይ አይቼ ነው፦ ክራሩን ኮፒ አድርጌ አንዱን ግራ፣ አንዱን ቀኝ ወሰድኩና የቀኙን ፌዝ ገለበጥኩት። በሄድፎን ክፍሉን ሙሉ ይሞላዋል!

---

ስድስት_ጅማት · እሑድ ማታ 4፡40

አገኘነው። በቃ ሌላ አትፈልግ።

ክራር እጫወታለሁ፣ የራሴን ቀረጻም ራሴ ሚክስ ስለማደርግ ይሄን ስህተት በገዛ እጄ ሠርቼዋለሁ። ፌዝ ገለበጥክ ማለት የግራው ሞገድ ወደ ላይ ሲወጣ የቀኙ በእኩል መጠን ወደ ታች ይወርዳል ማለት ነው። ሄድፎን ላይ ግራው ለግራ ጆሮ፣ ቀኙ ለቀኝ ጆሮ ብቻ ስለሚደርስ አይገናኙም፤ ጭንቅላትህ ነው ግራ ተጋብቶ «ሰፊ ነው» የሚልህ። ሁለቱ በአንድ ስፒከር ሲደመሩ ግን አንድ ሲደመር አንድ ሲቀነስ ነው። ዜሮ። ሁለቱ ኮፒ ፍጹም አንድ ስለሆኑ ምንም አይተርፍም። የሚኒባሱ ቴፕ ምናልባት አንድ ላይ ደምሮ ነው የሚያወጣው። የእህትህ ስልክ ላይ ጭል ጭል ያለው ሁለቱ ትንንሽ ስፒከሮች ከላይና ከታች ስለሆኑ አየር ላይ በከፊል ብቻ ስለተጣፉ ይሆናል።

አሁኑኑ የምታረጋግጥበት መንገድ አለ። ሶፍትዌርህ ኤፍ ኤል ስቱዲዮ ከሆነ፣ ማስተሩ (ሁሉም ድምፅ ተደምሮ የሚወጣበት) ላይ ያለውን የስቴሪዮ ሴፓሬሽን ቁልፍ ወደ ሞኖው በኩል፣ ግራና ቀኙ አንድ ወደሚሆኑበት፣ እስከ መጨረሻ አዙረው። ክራሩ ድራሹ ይጠፋል።

መስፋት ከፈለግክ ኮፒ አታድርግ፤ ክራር መቺውን ሁለተኛ ጊዜ አስመታው። የሰው እጅ ሁለቴ አንድ ዓይነት አይመታም፣ ስለዚህ አይጣፋም። ኮፒውን 12 ሚሊሰከንድ አዘግይቶ ማስቀመጥም የሚመክሩ አሉ። እሱ ሞኖ ላይ ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም፤ ግን በየ83 ኸርዙ (ኸርዝ በሰከንድ የንዝረት ቁጥር ነው) አንዳንድ ጉድጓድ ይቆፍርበታል፣ ክራሩም በቱቦ ውስጥ እንዳለ ይሆናል። እኔ አልወደውም።

---

ሆጤ_ማዶ · ሰኞ ጠዋት 1፡10

የስልኩን እኔ ልውሰደው።

የስልክ ስፒከር ከጥቂት መቶ ኸርዝ በታች ያለውን አያወጣም። መጠኑ አይፈቅድለትም፣ ጣት የምታክል ነገር ናት። የከበሮህ ሰፊው ፊት «ዱም» የሚለው ደግሞ ከዚያ በታች ነው። ስለዚህ ከበሮው አልጠፋም፣ አንተ ከበሮውን በ«ዱም» ብቻ ነው የሠራኸው። የመዳፉን ጥፊ፣ ቆዳው ላይ የሚሰማውን «ጣ» ቆርጠኸዋል ብዬ እገምታለሁ። አይደል?

የቤዙ ደግሞ ይገርማል። ጆሮ መሠረቱን ድምፅ ባይሰማም፣ ከላዩ ያሉትን ተከታታይ ብዜቶች ከሰማ መሠረቱን ራሱ ይሞላዋል። 55 ኸርዝ ላይ ያለ ኖታ 110፣ 165፣ 220፣ 275፣ 330 እያለ ወደ ላይ የሚሄድ ብዜት አለው። የላይኞቹ ጠንከር ካሉ ስልኩ 55ን ባያወጣም አንተ የዚያኑ ኖታ ዜማ ትሰማለህ። የድሮው ቱቦ አምፕሊፋየር ይሄን ሳይጠየቅ ይሰጥ ነበር፤ ዛሬ ቤዙ ላይ ትንሽ ሳቹሬሽን፣ ብዜቱን የሚጨምር መጠነኛ ማዛባት፣ ጣል ማድረግ ነው። ትንሽ! አይጩህ።

ፍተሻው ቀላል ነው፤ ማስተሩ ላይ ከ250 በታች ያለውን ሁሉ ቁረጥና አዳምጥ። ዘፈኑ አሁንም የሚያስጨፍር ከሆነ ስልክ ላይ ያልፋል። ስትጨርስ ቁርጡን ማንሳት እንዳትረሳ። እኔ አንዴ ረስቼ ለደንበኛ ልኬያለሁ፣ «ቤዙን ለብቻ ታስከፍላለህ ወይ?» አለኝ።

---

ዋጋው_ስንት · ሰኞ ጠዋት 3፡30

ይሄ ሁሉ ሐተታ ለምን አስፈለገ? ልጁ ጥሩ ሞኒተር (የስቱዲዮ ስፒከር) ይግዛ። በጥሩ ስፒከር የተሠራ ሥራ የትም ቢሄድ ጥሩ ነው። በድሃ ዕቃ ተሠርቶ ሚኒባስ ውስጥ ጠፋ ማለት ምን ይደንቃል።

---

ጋሼ_ካሴት · ሰኞ ቀን 6፡05

ልጄ፣ ዕቃ መናቅ አያዋጣም። ያማሃ ኤን ኤስ 10 የሚሏትን ነጭ ኮን ያላትን ሳጥን ታውቃታለህ? በፈረንጆቹ 1978 ለቤት ሰሚ ብለው አወጧት፤ የቤት ሰሚው አልወደዳትም። ቤዝ የላት፣ መሐሉ ይጮኻል፣ ትዊተሯ፣ ቀጭኑን ድምፅ የምታወጣው ትንሿ ስፒከር፣ ያንጫጫል፤ ኋላ ስቱዲዮዎች ትዊተሯ ላይ ሶፍት ይለጥፉባት ነበር። ግን ዓለም ላይ ስንቱ የተሳካ ሥራ የተሠራው በእሷ ነው። በ2001 ምርቷ ሲቆም ያዘኑት የድምፅ ሰዎች ናቸው። ጥቅሟ መጥፎነቷ ነበር፤ የመሐሉን ጥፋት አትደብቅም። ከእሷ በፊት ደግሞ ኦራቶን የምትባል አንድ ኮን ብቻ ያላት ኩብ ሳጥን ነበረች። የዛሬው ባጃጅ ውስጥ ያለው ስፒከር የሷ የልጅ ልጅ ነው በለው።

ጦሳ ሥር፣ የቤዝህ ነገር ግን ከስፒከርም ከሄድፎንም አይመስለኝም። ሦስት ነገር ንገረኝ። ቤዙን የመጠንከው በሄድፎን ነው ወይስ በስፒከር? ክፍልህ ርዝመቱ ስንት ሜትር ነው? ወንበርህስ የት ላይ ነው?

---

ጦሳ_ሥር · ሰኞ ቀን 7፡20

ጋሼ አንቱ ከገቡበትማ ተስፋ አለኝ። ቤዙን የመጠንኩት በስፒከር ነው፣ ባለ 6 ኢንች ተኩል ናቸው። ክፍሉ ብሎኬት ነው፣ ርዝመቱን አሁን ለካሁት፤ 3 ሜትር ከ30። ወንበሬ ከመሐል ላይ ነው፣ ግድግዳው ላይ ባና ሰቅያለሁ።

ዘፈኑ በሲ አምባሰል ነው፦ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት። ሚኒባሱ ውስጥ የሚያንቀጠቅጠው ኤ ፍላት ላይ ሲደርስ ይመስለኛል።

---

ጋሼ_ካሴት · ሰኞ ቀን 8፡45

ይመስለኛል አትበል፣ ነው። አብረን እናስላው።

ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይሄዳል። የክፍሉን ርዝመት እጥፍ አድርገህ ለዚያ ብታካፍለው፣ ማለትም 343ን ለ6.6፣ 52 ኸርዝ ገደማ ይመጣል። ይሄ ክፍልህ በራሱ የሚያስተጋባው ኖታ ነው። ቤዝ ጊታር ላይ ያለው ታችኛው ኤ ፍላት ስንት ነው? 51.9። ገጠመ።

አሁን ይሄ ሞገድ ግድግዳዎቹ ጋ ይጠነክራል፣ ልክ መሐል ላይ ግን ይሞታል። አንተ ደግሞ የተቀመጥከው መሐል። ስለዚህ ኤ ፍላት ሲመጣ አትሰማውም። «ቤዙ እዚህ ጋ ሳሳ» ብለህ ጨመርክ። ምናልባት ለዚያ ኖታ ብቻ ኢኩዋላይዘር ላይ 50 አካባቢ ከፍ አድርገሃል። ሚኒባሱ መሐል ላይ የሚያጠፋ ክፍል የለውም፤ እንዲያውም ጠባብ ስለሆነ ታችኛውን ያብሰዋል። እናቲቱ ሆዳቸውን ያመማቸው የአንተ ወንበር ነው።

ወንበርህን ከፊት ግድግዳ 1 ሜትር ከ25 ላይ አድርግ። ከክፍሉ 38 በመቶ የሚሉት ነው፣ ሕግ አይደለም፣ መነሻ ነው። ከዚያ አምስቱንም ኖታ በቤዝ በእኩል ኃይል እያስመታህ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ተንፏቀቅ። አምስቱም የተቀራረበ መጠን ያላቸው ቦታ ላይ ወንበሩን ትከለው።

ባናው ለብርድ ይሁንልህ። ለትሬብል ነጸብራቅ ትንሽ ይረዳል፣ 52 ኸርዝ ግን ባናን አያውቀውም። የጭቃ ቤት ቢሆንልህ ኖሮ ቤዙ በግድግዳውና በማዳበሪያው ኮርኒስ በኩል ሾልኮ ይወጣልህ ነበር፤ ጎረቤት ይረበሻል እንጂ ሚክሱ ይጠራል።

---

ባና_ለባሽ · ሰኞ ቀን 9፡00

ባናዬን ምን አደረገችሁ!

ደግሞ እኔ ሌላ ሐሳብ አለኝ። ደሴ ዳገት ነው፣ ኮምቦልቻ ከስድስት መቶ ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። አየሩ ስለሚወፍር ድምፁ አይቀየርም?

---

ሆጤ_ማዶ · ሰኞ ቀን 9፡25

ቀልድህን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን ልመልስ። የድምፅ ፍጥነት የሚቀየረው በሙቀት እንጂ በከፍታ አይደለም። 15 ዲግሪ ላይ 340፣ 25 ዲግሪ ላይ 346 ገደማ ነው። የልጁ ክፍል ተነቅሎ ኮምቦልቻ ቢወርድ 51.5 የነበረው 52.4 ይሆናል። ማንም አይሰማውም። ይልቅ ደሴ ላይ የሚያሳስተው ዝናቡ ነው። ሐምሌ ላይ ቆርቆሮ ሥር ሚክስ ያደረግኩትን ጥቅምት ላይ ስሰማው ትሬብሉ ጆሮ ይበሳል። ቆርቆሮው ሲንጫጫ ሳላውቀው ከላይ ጨምሬ ኖሯል። አሁን ክረምት ላይ ቀረጻ አስተካክላለሁ፣ የአርትዖት ሥራ እሠራለሁ፣ ሚዛን አልወስንም።

---

ዋጋው_ስንት · ሰኞ ማታ 1፡15

እሺ ጋሼ፣ የወንበሩን ተቀብያለሁ። ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ለሚኒባሱ ቤዝ ከቀነሰ፣ ለስልኩ ሳቹሬሽን ከጨመረ፣ ለሞንታርቦው ሁሉንም መሐል ካደረገ ምን ቀረለት? ጥሩ ሄድፎን ያለው ሰው ምን በደለ?

---

ጋሼ_ካሴት · ሰኞ ማታ 2፡00

ይሄ ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ስጠብቀው ነበር።

ለእያንዳንዱ ስፒከር ካስተካከልክለት አታበቃም። ዐሥር ሽማግሌ ጠርተህ የዐሥሩንም ፍርድ ልትፈጽም እንደመሞከር ነው። እኔ በካሴቱ ዘመን ከስቱዲዮ ወጥቼ ካሴቱን ይዤ ሻይ ቤት እሄድ ነበር። የሻይ ቤቱ ቴፕ «ቤዝ አነሰ» ቢለኝ አልሰማውም፤ ቴፑ ራሱ ቤዝ የለውም። እሱን የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ሰው እያወራ፣ ብርጭቆ እየተንኳኳ ግጥሙ ይሰማል ወይ? ከተሰማ ሂሳቤን ከፍዬ እወጣለሁ።

አንተም እንደዚያ አድርግ። ስልኩን ጠይቀው፦ ምቱና የቤዙ ዜማ ይታወቃል ወይ? ሚኒባሱን፦ ከኖታዎቹ መሐል ለብቻው የሚጮህ አለ ወይ? ባለ አንድ ስፒከሯን ብሉቱዝ፦ የጠፋ መሣሪያ አለ ወይ? ኤርፎኑን፦ «ስ» እና «ሽ» ጆሮ ይወጋሉ ወይ፣ ቁርጥራጭና ጠቅታ ቀርቷል ወይ? ከጥያቄው ውጭ የሚነግሩህን ስማና እለፍ። አንድ ጥፋት ሦስት ቦታ ከታየ ብቻ ተመልሰህ ወንበርህ ላይ ታስተካክላለህ። እዚያው ሚኒባሱ ውስጥ ሆነህ አትወስን።

ደግሞ ፍተሻ ስትሄድ ብቻህን አትሂድ፤ የምታውቀውን የሰው ዘፈን ይዘህ ሂድ። መጀመሪያ እሱን አስከፍት። እሱም ላይ በሩ ከተንቀጠቀጠ ጥፋቱ የበሩ ነው።

---

ስድስት_ጅማት · ሰኞ ማታ 2፡20

ጋሼ፣ የሰውን ዘፈን ሲያነጻጽሩ ግን መጠኑን ያመጣጥኑት። ያለቀለት ሥራ ጮክ ብሎ የተሠራ ስለሆነ ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላል። ጮክ ያለ ነገር ለጆሮ ቤዙም ትሬብሉም ይበዛለታል፤ ፍሌቸርና መንሰን በ1933 ለክተው ያሳዩት ነው። እኔ የራሴን ሰው ሲያወራ በሚሰማበት መጠን ነው ሚክስ የማደርገው። ከፍ አድርጌ የምሰማው መጨረሻ ላይ አንዴ ብቻ ነው፣ ለደስታ።

ጦሳ ሥር፣ ለመሆኑ ማስተሩን ስንት ሉፍስ (የጩኸት መለኪያው) ላይ አወጣኸው?

---

ጦሳ_ሥር · ሰኞ ማታ 2፡31

ሲቀነስ 7። እንዳያንስብኝ ብዬ።

---

ስድስት_ጅማት · ሰኞ ማታ 2፡38

ያረቢ! ዩቲዩብ ላይ ሲገባ ሲቀነስ 14 አካባቢ ድረስ ይጎትትልሃል። ጩኸቱን ይወስድብህና የደቀቀውን ከበሮ ይተውልሃል። ሊሚተሩን፣ ጫፎቹን የሚጨቁነውን፣ አላላው። ጫፉንም ሲቀነስ 1 ላይ አቁመው፤ ወደ ኤም ፒ 3 ሲቀየር ጫፎቹ ከነበሩበት ከፍ ስለሚሉ ይሰነጠቃል።

---

ሞንታርቦ_ተሸካሚ · ማክሰኞ ጠዋት 2፡10

እኔ ግን ከጋሼ ጋር በአንድ ነገር አልስማማም፣ አይቆጡኝ። እናንተ የምትሉት ለአድማጭ ነው። እኛ አካባቢ ዘፈን የሚያድገው ሰርግ ላይ ነው። ድንኳን ውስጥ ካልሰራ አልሰራም። ክራሩና ድምፁ መሐል ይሁኑ፣ ሌላው እንደፈለገ ይሁን። ለሄድፎን የሚያምር ስፋት ለእኔ ትርፍ ገመድ ነው።

---

ጋሼ_ካሴት · ማክሰኞ ጠዋት 2፡50

አልቆጣም። ግን የገመድህን በሽታ ሚክሱ እንዲታከምልህ አትጠብቅ፤ ሁለቱንም ሰካና ደምረህ አውጣ።

---

ሞንታርቦ_ተሸካሚ · ማክሰኞ ጠዋት 2፡55

ገመዱን አንቱ ይግዙልኛ!

---

ጦሳ_ሥር · ዓርብ ማታ 1፡30

ተመለስኩ። ይቅርታ፣ ሁለት ቀን መብራት አልነበረም።

ሞኖ አድርጌ ሰማሁት፤ እንዳላችሁት ክራሩ ድራሹ ጠፋ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ አንዴ እንኳ አልሞከርኩትም ነበር። ክራር መቺው መጥቶ እንደገና መታልኝ። አንዱን ግራ፣ አንዱን ቀኝ፣ ግን እስከ ጥግ አልወሰድኩትም፤ ለሞንታርቦ ብዬ ነው፣ ስድቡን ፈርቼ።

ወንበሩን ወደ ፊት ሳስጠጋ ኤ ፍላት ከወለል ተነሣና መጣ። ደነገጥኩ! ኢኩዋላይዘሩን ስከፍት 50 ላይ 6 ዴሲቤል ጨምሬ አገኘሁ። መቼ እንደጨመርኩት ትዝ አይለኝም። ጠቅላላ ሰረዝኩት። ለከበሮው የቆረጥኩትን የመዳፍ ድምፅ መለስኩ፣ ቤዙ ላይ ሳቹሬሽን ጨመርኩ፣ መጀመሪያ አበዛሁት፣ ሳምባ በሽተኛ መሰለ፣ ቀነስኩ።

ዛሬ ያንኑ ሚኒባስ ጠብቄ ገባሁ። ጋሼ እንዳሉኝ መጀመሪያ የሰው ዘፈን አስከፈትኩ፤ የቀኝ በሩ እሱም ላይ ይንቀጠቀጣል። በሩ ነው። የእኔን አስከተልኩ። ክራሩ ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ ገባ። ጂ እና ኤ ፍላት እኩል ሆኑ ማለት እችላለሁ። አንድ ነገር ግን ቀርቷል፤ ሞተሩ ዳገት ላይ ሲያጓራ የድምፃዊቷ የግጥም መጨረሻዎች ይዋጣሉ። ስልክ ላይና ብሉቱዝ ላይ ደህና ናት። አንድ ቦታ ብቻ ስለሆነ ልተወው ወይስ ትንሽ ልጎትታት?

ሾፌሩ ምን አለኝ መሰላችሁ፦ «አሁን ገባ። ግን የፊተኛው ቤዝ ይሻል ነበር።»

---

ሆጤ_ማዶ · ዓርብ ማታ 1፡44

ቃላት መጨረሻ ላይ ብቻ ከሆነ ኮምፕረሰር (ጮክና ዝቅ ያለውን በራሱ የሚያቀራርበውን) አትጨምር፤ እነዚያኑ ቃላት በኦቶሜሽን፣ ማለትም በየቦታው መጠኑን በእጅህ እየቀየርክ፣ 1 ወይ 2 ዴሲቤል ከፍ አድርጋቸው። አሥራ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ሾፌሩን አትስማው።

---

ጋሼ_ካሴት · ዓርብ ማታ 2፡10

እዚህ ላይ ሾፌሩን ስማው። የ50ውን ጭማሪ ስትሰርዝ አብሮ የቤዙን ኃይልም ቀንሰህ ይሆናል። 80 እና 100 መሐል ያለውን እንደገና እየው፣ 50ን አትንካ። ድምፃዊቷን ሆጤ ማዶ እንዳለው አድርግ።

---

ባና_ለባሽ · ዓርብ ማታ 2፡15

ባናው ግን ወረደ ወይስ አለ?

---

ጦሳ_ሥር · ዓርብ ማታ 2፡18

አልጋው ላይ ነው። ብርድ ነው ባክህ።